ከኮዬ ፈጬ እስከ ሲያትል፡- የጦማሪያን የአፊሊየት ማመልከቻ ተቀባይነት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ኮዬ ፈጬ፤ ሸገር ከተማ - በኢንተርኔት ገጽ ላይ እየጻፉ የሌላ ድርጅትን ምርት ለአንባቢ መጠቆምና ከተፈጸመው ሽያጭ ኮሚሽን ማግኘት በውጭው ዓለም የታወቀ መተዳደሪያ ከሆነ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው ይኸው ሥራ ሱቅም ሆነ መጋዘን፣ ሸቀጥም ሆነ መነሻ ብድር አይጠይቅም። ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት አገልግሎትና የመጻፍ ችሎታ ያለው ሰው በጋራ መኖሪያ ቤቱ ሳሎን ተቀምጦ ሊያከናውነው ይችላል። ይሁንና ከሥራው በፊት የሚታለፍ በር አለ፤ ይኸውም ለኩባንያው የሚቀርበው የአባልነት ማመልከቻ ነው።

ማመልከቻው የሚሞላው በእንግሊዝኛ፣ የሚመረመረውም በባሕር ማዶ ቢሆንም ጉዳዩ የአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶችን ይነካል። ኩባንያው የአመልካቹን ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ የግብር ከፋይነት ሁኔታና የክፍያ መቀበያ ሒሳብ ይጠይቃል። እነዚህን የሚያረጋግጡት ሰነዶች የሚወጡት ከክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት፣ ከገቢዎች፣ ከባንክና ከፖስታ ቤት ነው። በመሆኑም በመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ባለሙያ ሥራው ምን እንደሆነ ማወቁ የአመልካቹን ዕድል ሊያቃና፣ አለማወቁም ሊያሰናክል ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር በርካታ ወጣቶችን ወደ ዲጂታል ሙያ በጋበዘበት ወቅት፣ «በኢንተርኔት ኮሚሽን ነው የምሠራው» የሚል ባለጉዳይ ወደ ወረዳና ክፍለ ከተማ ቢመጣ ሊያስገርም አይገባም።

ነገሩ በመሠረቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የንግድ ሕግ፣ ውል ለመዋዋል የሚፈልጉ ሰዎችን የማገናኘት ሥራን ሙያቸው አድርገው የያዙትን ደላሎች በነጋዴነት አውቋቸው ነበር። ቤት የሚያከራይና የሚያሻሽጥ ደላላ ምን እንደሚሠራ ደግሞ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ከማንም በላይ ያውቃል። የአፊሊየት ጦማሪም ያው አገናኝ ነው። ልዩነቱ ሻጩንም ሆነ ገዢውን በአካል አለማየቱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ማስፈንጠሪያ የራሱን መለያ የያዘ ሲሆን፣ አንባቢው ሲጫነው ኩኪ የሚባል አነስተኛ መዝገብ በመሣሪያው ላይ ይቀመጣል፤ ሻጩም ግዢው በማን ጥቆማ እንደመጣ የሚለየው በዚሁ ነው። በአማዞን ደንብ ይህ ምልክት የሚያገለግለው ለ24 ሰዓት ነው። አንባቢው ዕቃውን አስቀድሞ በግዢ ቅርጫቱ ውስጥ ካላስቀመጠ በስተቀር በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ቢገዛ ጦማሪው የሚያገኘው ነገር የለም። የመንደር ደላላ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሳይጣላ አይቀርም ነበር።

መቀመጫውን በሲያትል ከተማ ያደረገው አማዞን «አሶሼትስ» የተባለውን ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1996 ነው። በወቅቱ ኩባንያው መጻሕፍት ሻጭ ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሚሽን ጃንክሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ዛሬ አዊን በመባል የሚታወቀው ድርጅት ብዙ ሻጮችንና ብዙ ጦማሪያንን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኙ መረቦች ሆነው ተመሠረቱ። በእነዚህ መረቦች ውስጥ በሩ ሁለት ነው። አመልካቹ መጀመሪያ በመረቡ ይመዘገባል፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ሻጭ በተናጠል ያመለክታል። በመጀመሪያው በር አልፎ በሁለተኛው መመለስ የተለመደ በመሆኑ፣ የመረቡ የእንኳን ደህና መጣህ መልእክት የሥራ ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ገምጋሚው በቅድሚያ የሚመለከተው ገጹን ነው። ገጹ ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ የይለፍ ቃል የማይጠይቅ መሆንና ጽሑፎቹም የአመልካቹ የራሱ መሆን ይገባቸዋል። አማዞን ከአመልካቾች የሚጠብቀው ቢያንስ ወደ 10 የሚደርሱ ወጥ ጽሑፎች ያሉትና ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አዲስ ነገር የወጣበት ገጽ ነው። ከሌላ ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ዜና፣ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ፣ በማሽን የተተረጎመ የምርት መግለጫ የማመልከቻውን ዋጋ ያሳጣሉ። የአንባቢ ቁጥር ብዙዎች እንደሚገምቱት የመጀመሪያው መመዘኛ አይደለም። ሁለት መቶ ቋሚ አንባቢ ያለው ስለ አንድ ጉዳይ ጠንቅቆ የሚጽፍ ገጽ፣ አሥር ሺህ ጎብኚ ካለው የተሰባሰበ ወሬ ገጽ ይልቅ ለሻጭ ይጠቅማል።

ጦማሪው ስለ ማንነቱ የሚገልጽ ገጽ፣ የመገኛ አድራሻና የአንባቢን መረጃ እንዴት እንደሚይዝ የሚያስረዳ መግለጫም ይፈለጋል። ጽሑፉ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ከሆነ፣ ገጹ ስለምን እንደሚጽፍና ለማን እንደሚጽፍ የሚያብራራ አጭር የእንግሊዝኛ መግቢያ ማስቀመጥ ይበጃል። ቋንቋውን የማያነብ ገምጋሚ ያልገባውን ገጽ ከመቀበል ይልቅ መመለሱ አይቀርምና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በአማዞን ፕሮግራም አመልካቹ በመጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜያዊ ተቀባይነት ሲሆን፣ በ180 ቀናት ውስጥ ሦስት ብቁ ሽያጮችን ማስገኘት አለበት። ገጹ በጥልቀት የሚገመገመው ከእነዚህ ሽያጮች በኋላ ነው። ጦማሪው በራሱ ማስፈንጠሪያ ለራሱ የሚገዛው ዕቃ አይቆጠርለትም። ስድስቱ ወራት ሦስት ሽያጭ ሳይገኝ ካለፉ ሒሳቡ ይዘጋል፤ እንደገና ማመልከት ግን ይቻላል።

ይህ ደንብ ለኮዬ ፈጬ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩም ሆነ ለሱሉልታ ጦማሪ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። አንባቢዎቹ በአብዛኛው የአገር ውስጥ ነዋሪዎች ከሆኑ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ የክፍያ ካርድ የሌለውና ዕቃው እደጁ የማይደርስለት ሰው ከአሜሪካ መደብር ሊገዛ አይችልም። ገጹ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የቱንም ያህል ቢነበብ ሦስቱ ሽያጮች አይገኙም። ስለዚህ አመልካቹ ፕሮግራም ከመምረጡ በፊት ከአንባቢዎቹ መካከል በእርግጥ መግዛት የሚችለው ማን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከኢትዮጵያ የሚቀርቡ ማመልከቻዎች ተቀባይነት አግኝተው ከርመው የሚከስሙበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

የሚገዛ አንባቢ ግን አለ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መጥቀስ ይበቃል። በአሜሪካ በሚገኙ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤቶች እንጀራ የሚጋገርበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ሌፍሳ ለተባለው የኖርዌያውያን ቂጣ ነው። ወገኖቻችን ለእንጀራ እንደሚሆን አውቀው ወሰዱት። አብሲትን፣ የጤፍ ዱቄትን ዓይነትና የምጣዱን ሙቀት በዝርዝር እያስረዳ በአማርኛ የሚጽፍ አንድ ጦማሪ ኮዬ ፈጬ ተቀምጦ በዋሽንግተን አካባቢ ላለ ቤተሰብ ይህንኑ ምጣድ ሊጠቁም ይችላል። ገጹ ወጥ ነው፣ አንባቢው የታወቀ ነው፣ ዕቃውም ከጽሑፉ ጋር ይገናኛል። ገምጋሚው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን መጣጣም ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጡ ጎብኚዎች የሚጽፍ ደግሞ የሆቴል ማስያዣ ድርጅቶችን ፕሮግራም፣ ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ድርጅቶችን ፕሮግራም መምረጡ የተሻለ ይሆናል።

ገቢውን በተመለከተ ወጣቶችም ሆኑ የሥራ ዕድል ፈጠራ ባለሙያዎች ስሌቱን አስቀድመው ቢያደርጉት ይመረጣል። በአማዞን ሠንጠረዥ የማዕድ ቤት ዕቃዎች ኮሚሽን 4.5 በመቶ ነው። ለምሳሌ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ምጣድ ቢሸጥ ጦማሪው 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። ክፍያውን በቼክ ለመቀበል ዝቅተኛው መጠን 100 ዶላር በመሆኑ 23 ምጣድ መሸጥ አለበት። ከሚሰበሰበው 103 ዶላር ከ50 ሳንቲም ላይ የቼክ ማዘጋጃ 15 ዶላር ተቀንሶ 88 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል። ከዚህ ሌላ ያለው የስጦታ ካርድ አማራጭ በዚያው መደብር ብቻ የሚመነዘር ነው። ኮሚሽኑም በሻጩ ውሳኔ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 አማዞን የቤት ዕቃዎችን ኮሚሽን ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ፣ የምግብ ሸቀጦችን ከ5 በመቶ ወደ 1 በመቶ ሲያወርድ ጦማሪያኑን አላማከረም።

ቀጣዩ የማንነት ማረጋገጫ ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የውጭ ኩባንያዎች ቅጽ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ። አመልካቹ በቅጹ ላይ ሁለት ስም ሞልቶ የባንክ ሒሳቡ በሦስት ስም የተከፈተ ከሆነ ክፍያው ሊያዝ ይችላል። የላቲን ፊደል አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ የተባለ ሰው ስሙ በአንዱ ሰነድ በ«ቲ» ተጀምሮ፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። «ቀ» አንድ ጊዜ በ«ኪው»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኬ» ይጻፋል። አማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ስሞችን ፊደል በፊደል የሚያመሳክረው የኩባንያው ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይወስዳቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚይዝ በመሆኑ ሌሎቹን ሰነዶች ከእሱ ጋር ማስማማት አንዱ መፍትሔ ነው። መዝጋቢው ሠራተኛ በምዝገባ ዕለት «በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምትጽፈው?» ብሎ መጠየቁ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ ማረም ግን ብዙ ምልልስ ይጠይቃል።

አድራሻም የራሱ ችግር አለው። ኮዬ ፈጬ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካታለች። ከዚያ በፊት የተሰጡ ሰነዶች የቀድሞውን የአዲስ አበባ ዙሪያ ልዩ ዞን ሊጠቅሱ ይችላሉ፤ አንዳንዱም በልማድ «አዲስ አበባ» ብቻ ይላል። በዚህም ምክንያት በአንድ ሰው እጅ ያሉ ሦስት ወረቀቶች ሦስት ከተማ ሊጠሩ ይችላሉ። በጋራ መኖሪያ መንደር ደግሞ ነዋሪው ቤቱን የሚናገረው በብሎክና በቤት ቁጥር እንጂ በመንገድ ስም አይደለም። የውጭው ቅጽ ግን የመንገድ ስም የሚል ባዶ ቦታ አለው።

ችግሩ በግልጽ የሚታየው በጉግል አድሴንስ ነው። አድሴንስ ጦማሪው ማስታወቂያ በገጹ ላይ አውጥቶ የሚከፈልበት እንጂ ከሽያጭ ኮሚሽን የሚያገኝበት ባለመሆኑ ከአፊሊየት ይለያል፤ አብዛኛው ጦማሪ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ያመለክታል። የጦማሪው ገቢ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የምስጢር ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ወደ ተመዘገበው አድራሻ ይልካል። ቁጥሩ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያዎቹ ከገጹ ላይ መታየታቸውን ያቆማሉ። ደብዳቤ እቤት ድረስ በማይታደልበት አካባቢ አስተማማኙ መንገድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው በዘመድ ወይም በመሥሪያ ቤት ሳጥን የሚጠቀም ከሆነ የሳጥኑን ባለቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት «የማን እንደሆነ ያልታወቀ» ተብሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ስስ ፖስታ የአንድ ወጣት የወራት ድካም ሊሆን ይችላል።

የግብር ቅጽም ከማመልከቻው ጋር ይሞላል። የአሜሪካ ኩባንያዎች የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ግለሰብ ደብልዩ-8 ቤን የተባለውን ቅጽ እንዲሞላ ይጠይቃሉ። ቅጹ አመልካቹ የአሜሪካ ግብር ከፋይ አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት ሲሆን፣ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ባሉት ሦስት የዘመን አቆጣጠር ዓመታት መጨረሻ ጊዜው ያልፍበታል። ሥራው ከአሜሪካ ውጭ የሚከናወን መሆኑን በትክክል መግለጽ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስለሌለ የስምምነት ጥቅም የሚጠየቅበት ክፍል ባዶ ይተዋል። የአገር ውስጥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ይጠየቃል፤ ባለ 10 አኃዙ የእኛ መለያ ቁጥር የሚገባው እዚህ ነው። ወጣቱ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይህን ቁጥር ሲጠይቅ ሱቅህ የት ነው ተብሎ የሚመለስ ከሆነ ማመልከቻው እዚያው ይቆማል።

በአገር ውስጥ በኩልም ገቢው ከግብር ነፃ ነው ማለት አይደለም። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ የሚያገኘውንም ገቢ የሚመለከት ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ከዲጂታል ይዘት የሚገኝ ገቢን በግልጽ በሕጉ ውስጥ አካቷል። የባንኩን መንገድ በሚመለከት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያና በዚሁ ጊዜ በወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኤፍኤክስዲ/01/2024፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ጦማሪው ሒሳቡን ከማመልከቻው በፊት ከፍቶ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ተቀባይነት ያገኘ ጦማሪ ተቀባይነቱን የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ዝምታ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ፣ ለምርት ጥቆማ የሚከፈለው ጦማሪ ይህንኑ ለአንባቢ መግለጽ እንዳለበት ደንግጓል። አማዞንም አባላቱ ከሽያጭ ገቢ የሚያገኙ መሆናቸውን በገጻቸው ላይ በግልጽ እንዲጽፉ ያስገድዳል። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ደላላ መሆንን መግለጽ ነውር አይደለም፤ ደላላ ሆኖ ሳለ ገለልተኛ መካሪ መስሎ መቅረቡ ነው ነውሩ።

የንግድና የፍትሕ ባለሙያዎች ሊለዩት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በአፊሊየት ስም የሚቀርቡ፣ ነገር ግን አባል ለመሆን ገንዘብ የሚያስከፍሉና ሌላ አባል ላመጣ ሰው ጉርሻ የሚሰጡ አሠራሮች ይታያሉ። እነዚህ ፒራሚድ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ የሽያጭ ስልትን ከልክሏል። ልዩነቱን በሁለት ጥያቄ መለየት ይቻላል። ለመግባት ተከፍሏል ወይ? ኮሚሽኑ የሚመጣው ዕቃ ከገዛ ሰው ነው ወይስ አባል ከሆነ ሰው? እንደ አማዞን ያለው የአፊሊየት ፕሮግራም ለማመልከቻ አያስከፍልም፤ አባል ስላመጣህ ብሎም አይከፍልም። ለአቤቱታ የመጣ ተጎጂ «አፊሊየት ነው ያሉኝ» ቢል፣ ባለሙያው ስሙን ሳይሆን የገንዘቡን አካሄድ መከተል ይኖርበታል።

የራሱ ጦማር ያለው የመንግሥት ሠራተኛም ጥቂት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሚገዛበት ድርጅት ኮሚሽን መቀበል የጥቅም ግጭት ስለሚሆን ለማመልከቻው ራሱ መቅረብ የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ሀብታቸውንና የገቢ ምንጫቸውን የማስመዝገብ ግዴታ ያለባቸው ተሿሚዎችና ሠራተኞች ደግሞ ከጦማራቸው የሚያገኙት ኮሚሽን፣ አነስተኛ ዶላር ቢሆንም፣ ገቢ መሆኑን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ጦማሪ የሚደርሰው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን በአንድ መስመር ብቻ የሚጠቅስ ነው፤ «ይዘቱ በቂ አይደለም» ወይም «ገጹን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይላል። የመጀመሪያው ተጨማሪ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ የገጹ አድራሻ በትክክል መሞላቱን ማየት ይጠይቃል። ያንኑ ቅጽ ሳያርሙ በማግሥቱ መልሶ መላክ አይጠቅምም። በሌላ ሰው ስም አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ ደግሞ የሚብስ ነው፤ ክፍያው ሲደርስ ስሙ ከመታወቂያውም ሆነ ከባንክ ሒሳቡ ጋር አይገናኝም።